የቤተ መዘክር መተዳደሪያ፤ ከጉልት እስከ መግቢያ ዋጋ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። በዚያው ወራት የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ባወጣው ዘገባ፥ በዓለም ካሉት ቤተ መዘክሮች ከመቶው 90 ያህሉ፥ ማለት ከ85,000 የሚበልጡት፥ በራቸውን ዘግተው ነበር። ከመቶው 13 የሚሆኑት ምናልባት ዳግመኛ ላይከፈቱ እንደሚችሉም ተገምቶ ነበር። በሚከተለው ዓመት በወጣው ዘገባ ደግሞ ቤተ መዘክሮች በእ. ኤ. አ. 2020 በአማካይ 155 ቀን ተዘግተው እንደ ቈዩ፥ የጎብኚውም ቍጥር ከመቶ 70 እጅ ያህል እንደ ወደቀ ተገለጠ።

ይህ ቍጥር አንድ የቈየ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ቤተ መዘክር በምን ይተዳደራል የሚለው ነው። በአንድ ቤተ መዘክር ያለው ዕቃ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ሰጠው ብዙ ጊዜ ተጽፏል። የጠባቂው ቀለብ፥ የጣራው ማደሻ፥ የብራናው መጠገኛ ከየት እንደሚመጣ ግን የጻፈው ሰው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ረዥም ታሪክ አለው፤ ወረርሽኙ ያደረሰው ችግርም ያለዚህ ታሪክ በሚገባ ሊታወቅ አይችልም።

ቤተ መዘክር የሚለው ስም አዲስ ይሁን እንጂ ውድ ዕቃን ሰብስቦ ለትውልድ ማቈየት በኢትዮጵያ አዲስ ሥራ አይደለም። አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ከጥንት ጀምሮ በዕቃ ቤታቸው አክሊሉን፥ መስቀሉን፥ ካባውን፥ የብራናውን መጽሐፍና ሥዕሉን ጠብቀው ኖረዋል። ነገሥታትና መኳንንት፥ አንዳንድ ጊዜም ተራው ምእመን፥ ለነፍሳቸው መድኀኒት ሲሉ ስጦታ ያገቡ ነበር። በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስጦታው የሚጸናበት አኳኋን ነው። ንጉሥ ለደብር መጽሐፍና መስቀል ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ጉልት አብሮ ይተክል ነበር። ከጉልቱ በሚገባው ግብር ለመሥዋዕቱ ስንዴና ዘቢብ፥ ለመብራቱ ጧፍ፥ ለማዕጠንቱ ዕጣን ይቀርባል፤ ካህናቱና የዕቃ ቤቱ ጠባቂም ከዚያው ይተዳደራሉ። ስለዚህ ጠባቂው ቀለቡን የሚያገኘው ዕቃውን ሊያይ ከመጣ እንግዳ ሳይሆን ለዕቃው ከተሰጠው ምድር ነበር። እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ዕቃ ቤቱ ጠባቂ አያጣም።

አጠባበቁም የራሱ ሥርዓት ነበረው። የዕቃው ዝርዝርና የጉልቱ ስጦታ ብዙ ጊዜ በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወንጌል ከሁሉ ይልቅ የሚከበር መጽሐፍ ስለ ሆነ፥ በእርሱ ላይ የተጻፈውን ለመፋቅ የሚደፍር አይገኝም ተብሎ ይታመናልና። በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር መያዙ የታወቀ ነው። ዕቃውን የሚሰርቅ ወይም ጽሕፈቱን የሚፍቅ ሰው የተወገዘ እንዲሆንም ቃለ ውግዘት ይጨመርበታል። ቄሰ ገበዙ ሹመቱን በሚለቅበት ጊዜ ዕቃው በካህናቱና በሽማግሌዎቹ ፊት አንድ በአንድ እየተቈጠረ ለተተኪው ይሰጣል፤ የጐደለ ቢኖር በስሙ ይጠየቅበታል።

ይህን የመሰለ ሐሳብ በእስልምናውም ወገን ይገኛል። በሐረር ከተማ ለመስጊድና ለአዋች መካን የሚሰጥ ወቅፍ አለ። ወቅፍ ማለት ባለቤቱ ለእግዚአብሔር ብሎ የለየው፥ የማይሸጥና የማይለወጥ ሀብት ነው፤ ቤት ወይም መሬት ሲሆን ኪራዩና ፍሬው ለመስጊዱ ይውላል። በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችም ወቅፍ መሆናቸው በላያቸው እየተጻፈ ይሰጡ ነበር። ጉልትና ወቅፍ በሕጋቸው የተለያዩ ናቸው፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ይኸውም ለሚቈየው ነገር የማቈያውን ገቢ አስቀድሞ መለየት ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይቻልም። የጉልቱን ግብር የሚከፍለው ገበሬ ነበር፤ ሸክሙም ከባድ ነበር። ዕቃ ቤቱም የሚከፈተው ለጥቂት ሰው ነበር፤ ሕዝቡ ንዋየ ቅድሳቱን የሚያየው በበዓል ቀን ሲወጣ ብቻ ነው። ደግሞም ሥርዓቱ ቃጠሎንና ጦርነትን ሊመልስ አልቻለም። ነገር ግን ከመተዳደሪያው የተለየ ዕቃ ምን እንደሚደርስበት የመቅደላ ታሪክ ያስረዳል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኀኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊያቆሙ አስበው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አሰባስበው ነበር። በዚህም ዕቃው ከየደብሩ ጉልትና ከየደብሩ ገበዝ ተለይቶ በአንድ ንጉሥ ኀይል ብቻ የሚጠበቅ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዞች እጅ ላለመውደቅ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ ለስብስቡ የሚቆምለት አልተገኘም። ወታደሩ የዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር። በደላንታ ሜዳም ለሁለት ቀን ሐራጅ ተደርጎ 5,000 ያህል ፓውንድ ተገኘና ለጦሩ ተከፋፈለ። በሐራጁ ላይ ከገዙት ዋነኛው ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር፤ እርሱም በቂ ገንዘብ ይዞ ነበርና። እንግዲህ በዚያ ሜዳ ላይ ገንዘብ ያለው ቤተ መዘክር ገዢ ሆነ፤ ጠባቂውን ያጣው ዕቃ ቤት ግን ሸቀጥ ሆነ። ከተወሰዱት መጻሕፍት አንዱ ክብረ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጻፉት ደብዳቤ ምክንያት በእ. ኤ. አ. 1872 ተመልሷል፤ የቀረው አብዛኛው እስከ ዛሬ በዚያው አለ።

በዘመናዊው አኳኋን የተቋቋመው ቤተ መዘክር ከጠላት ወረራ በኋላ የመጣ ነው። በ1936 ዓ. ም. በተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ውስጥ የንጉሣውያን ቤተ ሰብና መኳንንቱ የሰጧቸው የክብር ልብሶች ለሕዝብ ታዩ። በ1940ዎቹ ዓመታት በፈረንሳውያን ሊቃውንት ርዳታ የአርኪዮሎጂ ምርምር መሥሪያ ቤት ቆመ፤ ከመሬት የተቈፈረውም ዕቃ እየተሰበሰበ ለብሔራዊው ሙዚየም መሠረት ሆነ።

በሌላው ወገን በ1943 ዓ. ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው የየአገሩን ልማድ እየመዘገቡ ያሳትሙ ጀመር። የቤተ መጻሕፍቱ ሹም የነበረው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪም መስቀሉን፥ ሥዕሉን፥ የቤት ዕቃውንና የእጅ ሥራውን ይሰበስብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ. ም. ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ፥ በእ. ኤ. አ. 1963ም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከተመሠረተ በኋላ፥ ይህ ስብስብ የተቋሙ ሙዚየም ሆነ።

የዚህ ሙዚየም ታሪክ ስለ ገንዘብ ጕዳይ አንድ ጠቃሚ ምሳሌ ይሰጣል። በ1960ዎቹ (እ. ኤ. አ.) ብዙ ጥንታዊ ሥዕልና መስቀል በአዲስ አበባ ገበያ ለውጭ አገር ሰው እየተሸጠ ከአገር ይወጣ ነበር። ተቋሙም ሁሉን የሚገዛበት በጀት አልነበረውም። ስለዚህ በእ. ኤ. አ. 1968 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ፤ አባሎቹም ገንዘብ እያሰባሰቡ ለመውጣት የተዘጋጀውን ዕቃ ለሙዚየሙ እንዲገዛ አደረጉ። ዛሬ በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ ከሚታዩት ሥዕሎች ብዙዎቹ በአገር የቀሩት በእነዚህ ሰዎች መዋጮ ነው።

በ1967 ዓ. ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ሆኑ። ኅዳር 15 ቀን በአፋር ምድር በሐዳር የድንቅነሽ ዐፅም ተገኘ፤ ብሔራዊው ሙዚየምም ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ሀብት አገኘ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን ደግሞ የገጠርን መሬት የመንግሥት የሚያደርገው ዐዋጅ ወጣና ጉልት ቀረ፤ ሐምሌ 19 ቀንም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ዐዋጁ ገበሬውን ከገባርነት ቀንበር አወጣው፤ ይህም ታላቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ የየደብሩ ዕቃ ቤትና የወቅፍ መጽሐፍ ብዙ መቶ ዓመት የቆሙበት መተዳደሪያ በዚያው ዐዋጅ ጠፋ፤ በምትኩም ሌላ አልተተከለም። ዕቃው በቦታው ቀረ፤ ጠባቂውም በቦታው ቀረ፤ በመካከላቸው የነበረው ገቢ ግን ተቋረጠ።

ያንን ክፍት ቦታ ከጊዜ በኋላ የሞላው የጎብኚ ገንዘብ ነው። በላሊበላ የውጭ አገር እንግዳ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት ከወረርሽኙ በፊት 50 የአሜሪካን ዶላር ይከፍል ነበር። በሌሎችም ደብሮችና ገዳማት የዕቃ ቤቱ በር ለእንግዳ የሚከፈት፥ ካህኑም መስቀሉን አውጥቶ የሚያሳይ ሆነ። ድንቅነሽ ራሷ ከ1999 እስከ 2005 ዓ. ም. በአሜሪካ ከተሞች ስትዞር ነበር፤ ለዚህ ጕዞ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ለአገር ቤት ሙዚየሞች ገቢ ማግኘት ነው። ዐፅሙ በጕዞ ይጎዳል ብለው የተቃወሙ ሊቃውንት ነበሩ፤ በዋሽንግተን የሚገኘው ስሚዝሶኒያንም በዚሁ ምክንያት አልተቀበለውም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል በመሬት ውስጥ የቈየውን ዐፅም ለገቢ ሲባል ባሕር ማሻገር ማስፈለጉ ሙዚየሞቹ ምን ያህል መተዳደሪያ እንዳጡ ያመለክታል።

በየክፍለ ሀገሩ ያሉት ቤተ መዘክሮች ደግሞ በልዩ ልዩ መንገድ ቆሙ። በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በገዛ ቤታቸው የከተማውን መጽሐፍ፥ ገንዘብ፥ ልብስና ጌጥ ሲሰበስቡ ቈይተው፥ የክልሉ መንግሥት በእ. ኤ. አ. 2007 የቀድሞውን የራስ ተፈሪ ቤት ሰጣቸው። እርሳቸውም የብራና መጽሐፍና የቈዳ ሽፋን መጠገንን ተምረው የከተማውን የእጅ ጽሑፎች ያድሱ ጀመር። በጂንካ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ጀርመናውያን የሥነ ሰብእ ሊቃውንት በተካፈሉበት ጥረት ተመሠረተ። በኮንሶ ሙዚየም ለጀግና መቃብር የሚተከሉት ዋካ የሚባሉት የእንጨት ምስሎች ከሌባ ተርፈው ተቀምጠዋል። እነዚህ ቤቶች አንዱ በአንድ ሰው ፍቅር፥ ሌላው በውጭ ሰው ርዳታ፥ ሌላው በክልል ሹም በጎ ፈቃድ የቆሙ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የጸናና በየዓመቱ የታወቀ ገቢ የሚሰጥ የለም።

በ2012 ዓ. ም. በሮቹ በተዘጉ ጊዜ እንግዲህ የጠፋው የመግቢያው ዋጋ ነው፤ ወጪው ግን አልቆመም። ቤተ መዘክር በተዘጋ ጊዜ ሥራው ያነሰ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የተዘጋ ክፍል በክረምት ርጥበት ይይዛል፤ ብራናው ይኰማተራል፥ ወረቀቱ ይሻግታል። ጥበብና ካባውን ብል ይበላዋል፤ የእንጨቱን ዕቃ ነቀዝና ምስጥ ይቦረቡረዋል። መስኮት የሚከፍት፥ አቧራ የሚያራግፍ፥ ጣራው ማፍሰሱን የሚያይ፥ ዕቃውን ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር ሰው በየቀኑ ያስፈልጋል። ሌሊትም ዘበኛ ያስፈልጋል፤ ሌባ በሩ መዘጋቱንና ሰው መቀነሱን ያውቃልና። በሌላው ዓለም ብዙ ቤተ መዘክሮች ስብስባቸውን በኢንተርኔት ለማሳየት ሞክረዋል፤ በአፍሪካና በትናንሽ ደሴት አገሮች ግን ይህን ሊያደርጉ የቻሉት ከመቶው 5 ብቻ እንደ ነበሩ ዩኔስኮ ጽፏል። ዕቃው አስቀድሞ ተመዝግቦና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ካልተቀመጠ ለኢንተርኔትም የሚቀርብ ነገር የለም።

ወረርሽኙ ሳያልፍ ደግሞ በጥቅምት 2013 ዓ. ም. በሰሜኑ ክፍል ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት የአል ነጃሺ መስጊድ ተጎዳ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማትም ጉዳት ደረሰባቸው። በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያ ደሴ ከተማ የጦርነት ቦታ በሆነችበት ጊዜ በቀድሞው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ያለው የወሎ ሙዚየም ተዘረፈ። ከተዘረፈ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ጠፋ የሚለው ነው። ለዚህ መልስ መስጠት የሚችለው የተሟላ መዝገብ ያለው ቤት ብቻ ነው፤ መዝገብ ለመሥራትም ሰላምና የሠራተኛ ደመወዝ ያስፈልጋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምም የጎብኚው ገንዘብ በአንድ ቀን የሚመለስ አልነበረም።

በወረርሽኙ ጊዜ ሀብታሞቹ አገሮች ለባህል ቤቶቻቸው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ አወጡ። የእንግሊዝ መንግሥት በሐምሌ ወር (እ. ኤ. አ. 2020) ለቲያትር፥ ለሙዚቃ፥ ለቅርስና ለቤተ መዘክሮች 1.57 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ጀርመንም 1 ቢሊዮን ዩሮ መደበች። ኢትዮጵያ ይህን ያህል ልታወጣ አትችልም። ይሁን እንጂ ለአዳዲስ ቤቶች ገንዘብ አልታጣም፤ በመስከረም 2015 ዓ. ም. የሳይንስ ሙዚየም፥ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ. ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአዲስ አበባ ተመርቀዋል። አዲስ ቤት ሲሠራ ሕዝብ ያያል፥ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፥ ሪባን ይቈረጣል። የደሴን ሙዚየም ጣራ ያደሰ ወይም የሐረርን ብራና የጠገነ ሰው ግን ምርቃት የለውም። ገንዘብ ለመሥራት የሚገኘውን ያህል ለመጠበቅ የማይገኝበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

ጕዳዩ የጠባቂ ደመወዝ ብቻ እንዳይመስል ሌላም ነገር አለ። በመጋቢት 2011 ዓ. ም. የለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጠጕር መልሷል። የቀረውም የመቅደላ ሀብት እንዲመለስ የሚጠይቁ ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ ናቸው። ዕቃውን የያዙት ወገኖች ከሚያቀርቡት ምክንያት አንዱ የጥበቃ ነገር ነው። የተዘረፈን ዕቃ ላለመመለስ ይህ በቂ ምክንያት አይደለም፤ ባለቤትነት በመጋዘን ጥራት አይለካምና። ነገር ግን ለሚመለሰው ዕቃ አስቀድሞ ገበዝና ቀለብ ያዘጋጀች አገር ጥያቄዋን በበረታ ቃል ታቀርባለች።

መድኀኒቱ ወደ ጉልት መመለስ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከጉልቱ የሚወሰደው ሐሳቡ ነው። የመጀመሪያው፥ አንድ ቤተ መዘክር ሲመሠረት ወይም አዲስ ስብስብ ሲቀበል ከዕቃው ጋር የማይነካ ገንዘብ ቢተከልለት፥ የገንዘቡም ወለድ ወይም ኪራይ ለጥበቃው ብቻ ቢውል፥ የጎብኚ መቅረት ዘበኛውን አያስርበውም። ሁለተኛው፥ የመንግሥት በጀት የጥበቃን ወጪ ከግንባታ ወጪ ለይቶ ቢይዘው የሚያንሰው በሚበልጠው አይዋጥም። ሦስተኛው፥ የመግቢያው ዋጋ ቢገኝ ለመጨመሪያ፥ ለትምህርትና ለአዲስ ሥራ ይሁን እንጂ የዕለት እንጀራ አይሁን።

አራተኛው የሕዝቡ ድርሻ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ያልታሰበ አደጋን በትንንሽ መዋጮ መመከትን ከማንም አይማርም፤ እድር አለውና። እድር ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው በሞተ ቀን አይደለም፤ በየወሩ ሁሉም ደኅና ሳለ ነው። ድንኳኑም፥ ድስቱም፥ ገንዘቡም አስቀድሞ ስላለ በኀዘን ቀን ማንም ለልመና አይወጣም። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወዳጆች ያደረጉት በዚህ መንፈስ ነበር። የደሴ፥ የሐረር፥ የኮንሶና የጂንካ ቤተ መዘክሮችም እንዲህ ያለ የወዳጆች ማኅበር ቢኖራቸው፥ የከተማው ነጋዴ፥ መምህሩ፥ በውጭ አገር ያለው የአገሩ ተወላጅም በየወሩ ጥቂት ቢያዋጡ፥ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የማይቋረጥ ይሆናል። ደግሞም ያዋጣ ሰው ይጠይቃል፤ ዕቃው አለ ወይ፥ ተቈጥሯል ወይ፥ ዝናብ ነክቶታል ወይ ይላል። ይህ ጥያቄ ራሱ ጥበቃ ነው።

የቀድሞው ቄሰ ገበዝ ሹመቱን ሲለቅ ዕቃው በሽማግሌዎች ፊት ይቈጠር ነበር። ወረርሽኙም በድንገት የመጣ ቈጠራ ሆኖ በብዙ ቤት ዕቃው ተገኝቶ መተዳደሪያው ጐደለ። ጕድለቱ ከታወቀ በኋላ የሚተካው ማን እንደ ሆነ ስሙ ካልተጻፈ፥ የሚቀጥለው ቈጠራ የሚያጐድለው ዕቃውን ራሱን ነው።